ስለ ጊትሆርን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኔዘርላንድ ውስጥ ስላለችው የውሃ መንደር ሰው የሚጠይቀውን ሰብስቤዋለሁ፤ ቀላሉ ከላይ፣ አከራካሪው ከታች ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጊትሆርን የት ነው ያለችው?

ከአምስተርዳም ወደ ሰሜን ምስራቅ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ኦቨራይስል በሚባለው ክፍለ ሀገር ውስጥ ትገኛለች። ነዋሪዋ ሦስት ሺህ አይሞላም። እስከ 1973 ድረስ የራሷ ማዘጋጃ ቤት ነበራት። ዛሬ የምትተዳደረው ስቴንዋይከርላንድ በሚባለው ሰፋ ያለ ማዘጋጃ ቤት ስር ነው።

በነገራችን ላይ "የሆላንድ መንደር" የሚሏት ብዙ ናቸው። ሆላንድ ግን በምዕራብ በኩል ያሉት የሁለት ክፍለ ሀገሮች ስም ነው፤ ጊትሆርን ከዚያ ውጭ ናት። እንዲህ ብትሉ ማንም አይቆጣችሁም፣ ራሳቸው ቱሪስት ለመሳብ "የሆላንድ ቬኒስ" ይሏት የለ! የአገሬው ሰው ስሟን ሲጠራ ግን የመጀመሪያዋን ፊደል ከጉሮሮ አውጥቶ "ኺትሆርን" ነው የሚለው። ባቡር ላይ መንገድ ስትጠይቁ ይጠቅማችኋል።

እንዴት ይኬዳል? ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይቻላል?

ይቻላል። በባቡር ስቴንዋይክ ድረስ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ነው። ከአምስተርዳም ሁለት ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። በመኪና ከሄዳችሁ ትንሽ ይፈጥናል፤ መኪናውን ዳር ላይ አቁማችሁ በእግር ትገባላችሁ።

ወቅቱን በደንብ ምረጡ። ሐምሌና ነሐሴ፣ በተለይ ቅዳሜና እሁድ፣ ጀልባ በጀልባ ላይ ነው የሚሆነው። የሚያዝያና የግንቦት ወይም የመስከረም ተራ የሥራ ቀን በጣም ይሻላል። ከአገር ቤት እንግዳ መጥቶባችሁ በእሁድ ቀን ከምትወስዱት፣ ለማክሰኞ ፈቃድ ብትወስዱ ያዋጣችኋል። ጠዋት በጊዜ ግቡ። የቱሪስት አውቶቡሶቹ መምጣት ሲጀምሩ እናንተ ቡና ላይ ትሆናላችሁ።

መዋኘት አልችልም፤ ጀልባ መከራየት ያሰጋል?

የመንደሩ ቦዮች ብዙ ቦታ ጥልቀታቸው አንድ ሜትር ገደማ ነው። የሚከራዩት ጀልባዎች በኤሌክትሪክ የሚሄዱ፣ ድምፅ የሌላቸውና ቀስ የሚሉ ናቸው፤ መንጃ ፈቃድ አይጠየቅም። "የሹክሹክታ ጀልባ" ይሏቸዋል። ጀማሪ ሁሉ ስለሚነዳቸው ግጭት አይጠፋም፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳቅ ላይ ነው የሚያበቃው።

ከመንደሩ ወጥታችሁ ወደ ሐይቆቹ ስትገቡ ግን ነገሩ ይለያል። ውሃው እዚያም ቢሆን ያን ያህል ጥልቅ አይደለም፤ ቦታው ግን ገላጣ ስለሆነ ንፋሱ ያንገላታል። ልጆች ከያዛችሁ የተንሳፋፊ ጃኬት ጠይቁ።

ስሟ "የፍየል ቀንድ" ማለት ነው የሚባለው እውነት ነው?

የሚተረከው እንደዚያ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመጡት የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች መሬቱን ሲቆፍሩ ብዙ የዱር ፍየል ቀንድ አገኙ ይባላል። ፍየሎቹን የፈጃቸውም በ1170 አካባቢውን ያጥለቀለቀው ታላቅ ጎርፍ ነው ይላሉ።

ታሪኩ አፈ ታሪክ ነው፤ ግን የማይመስል አይደለም። ረግረግ አፈር አየር ስለማይገባው ቀንድና ቆዳ ለብዙ ዘመን ሳይበሰብስ ያቆያል። በሰሜን አውሮፓ ረግረጎች ውስጥ ቆዳቸው እንዳለ የተገኙ የጥንት ሰዎች አስከሬኖች አሉ። እዚያ ምድር ውስጥ ቀንድ ማግኘት ተአምር አያሰኝም።

ቦዮቹ የተቆፈሩት ለምንድነው? ለጌጥ ነው ወይስ ለመጓጓዣ?

ለማገዶ ነው። ስለ ጊትሆርን አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙ። ዛሬ ፎቶ የምንነሳበት ውሃ ድሆች ነዳጅ ፍለጋ የቆፈሩት ጉድጓድ ነው።

አካባቢው በሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት የሞቱ ተክሎች ውሃ ውስጥ ሳይበሰብሱ የተደራረቡበት ምድር ነው። ያ ጥቁር አፈር ወጥቶ ሲደርቅ እንደ ኩበት ይነዳል። ደቾች "ቱርፍ" ይሉታል። ጫካ በሌለበት አገር የከተማው ሰው ቤቱን የሚያሞቀው፣ ቢራ ጠማቂው የሚያፈላው፣ ጡብ ሠሪው የሚተኩሰው በዚህ ነበር። የጊትሆርንና የጎረቤቶቿ ሰዎች አፈሩን በአካፋ፣ አካፋው ውሃ ሲደርስ ደግሞ ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ በታሰረ መረብ ከስር እየዛቁ ያወጡት ነበር። ጭቃውን ያሰጡበት ዘንድ በጉድጓዶቹ መሃል ቀጫጭን የመሬት ሰቅ ይተዋሉ። ጭቃው እዚያ ላይ ጠፈፍ ሲል በጡብ መልክ ተቆርጦ ይደርቃል። ከዚያ በጀልባ ተጭኖ እንደ ብሎክዛይልና ዝዋርትስላይስ ባሉ ወደቦች በኩል ባሕር ተሻግሮ ይሸጣል።

ቦዮቹ ይህ ጭነት የሚወጣባቸው መንገዶች ነበሩ። ቤቶቹ ደግሞ ሳይቆፈር በተረፈው መሬት ላይ ቆሙ፤ ደሴት የሚመስሉት ለዚህ ነው። "የሰሜን ቬኒስ" የሚለው ቅጽል ብዙም የማይጥመኝም በዚህ ምክንያት ነው። አምስተርዳምም፣ ብሩጅም፣ ስቶክሆልምም ይሄንኑ ስም ተሸልመዋል። ቬኒስ ደግሞ ነጋዴዎች ውሃ ላይ ግንድ ተክለው ያቆሟት ከተማ ናት። እዚህ የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ገበሬዎች መሬታቸውን ቆፍረው እየሸጡ ውሃ አደረጉት።

እውነት መኪና የሚባል ነገር የለም?

ግማሽ እውነት ነው። በዋናው ቦይ ዳር የሚሄደው የድሮው የመንደሩ ክፍል መኪና አይገባበትም፤ ያለው የእግርና የብስክሌት መንገድ ነው። ነገር ግን ከጎኑ የአስፋልት መንገድ ያልፋል፣ በዚያ መንገድ ላይ ያሉት ነዋሪዎች መኪናቸውን ደጃፋቸው ላይ ያቆማሉ። ከውስጥ ያሉትም ቢሆኑ መኪና አላቸው። ዳር ላይ ያቆሙና የገዙትን ዕቃ በጀልባ ወይም በጋሪ ይወስዳሉ።

ቲክቶክ ላይ "መንገድ የሌላት መንደር" ብለው የሚለቁት ሰዎች የመኪና ማቆሚያውን አይቀርጹትም።

ድልድዮቹ ስንት ናቸው? ለምንስ ያን ያህል ከፍ ይላሉ?

በተለምዶ የሚጠቀሰው ቁጥር 176 ነው። ብዙዎቹ ወደ አንድ ግቢ ብቻ የሚያስገቡ የግል ድልድዮች ናቸው። "የግል" የሚል ምልክት ካያችሁ ድልድዩን መሻገር ሰው ቤት መግባት ነው፤ ፎቶ ለመነሳትም ቢሆን።

ከፍ ያሉት ድርቆሽ የጫነ ጀልባ ከስራቸው እንዲያልፍ ነው። ጀልባው ራሱ "ፑንተር" ይባላል። ጠባብ ነው፣ ሆዱ ጠፍጣፋ፣ ሁለት ጫፉ ሹል። ባለጀልባው ከኋላ ቆሞ ረጅም ዘንግ እየተከለ ይገፋዋል። ላም በዚህ ይሻገራል፣ ወተት በዚህ ይወጣል፣ ሙሽራም በዚህ ትሄድ ነበር። ዛሬም በእጅ የሚሠሩት ባለሙያዎች አሉ።

ቤቶቹ ለምን በሳር ተከደኑ? ጣሪያቸውስ ለምን ከኋላ ያብጣል?

ክዳኑ ሳር ሳይሆን ሸምበቆ ነው፤ በዙሪያቸው በነፃ የሚበቅል ነገር ስለሆነ ነው የመረጡት። ድሮ የድሃ ጣሪያ ነበር። አሁን ተገላብጦ የሀብታም ሆኗል፤ ከዳኙ ባለሙያ ውድ ነው፣ የእሳት ኢንሹራንሱም ከሸክላ ጣሪያ ይበልጣል።

ከኋላ ማበጡን "የግመል ጣሪያ" ይሉታል። ፊት ለፊት ያለው ዝቅ ያለው ክፍል መኖሪያው ነው፣ ከኋላ ያለው ከፍ ያለው ጎተራው። ገበሬው ከብቱ ሲበዛና የሚያከማቸው ድርቆሽ ሲጨምር ወደ ጎን መስፋት አልቻለም፤ ዙሪያው ውሃ ነው። ስለዚህ ወደ ላይ ቀጠለ። አንዳንዶቹ ጎተራዎች ጀልባው ከነጭነቱ የሚገባበት በር አላቸው። "ኦልደ ማት ዩስ" የሚባለው ትንሽ ሙዚየም እንዲህ ያለ የገበሬ ቤት ነው፤ ገብታችሁ ብታዩት አትጸጸቱም። አልጋው ግድግዳ ውስጥ እንደ ቁምሳጥን የተሠራ ነው።

የመንደሩ ሰው ሃይማኖቱ ምንድነው?

እንደ አብዛኛው ኔዘርላንድ ዛሬ ብዙው ሰው ቤተ ክርስቲያን አይሄድም። በታሪኳ ግን ጊትሆርን የሜኖናይቶች ጠንካራ መንደር ነበረች። ሜኖናይቶች ስማቸውን ያገኙት በ1536 የካቶሊክ ክህነቱን ትቶ ከወጣው ከፍሪስላንዱ ሜኖ ሲሞንስ ነው። የሚያጠምቁት አምኖ የመጣን አዋቂ ነው። መሐላ አይምሉም፣ ጦር መሣሪያ አያነሱም ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ይህ እምነት እሳት ላይ ያስጥል ነበርና፣ ከባለሥልጣን ዓይን የራቀ ረግረግ ተመችቷቸው ቢሆን አይገርምም። ጸሎት ቤታቸው ዛሬም መንደሩ ውስጥ አለ።

ለእኛ አገር አንባቢ ይህ ነገር ሩቅ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ግን አይደለም። በኢትዮጵያ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የዚሁ የሜኖናይት ቤተሰብ አባል ናት። እምነቱ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በመጡ የአሜሪካ ሜኖናይቶች በኩል ነው፣ ከኔዘርላንድ በቀጥታ አልመጣም። ዛሬ መሠረተ ክርስቶስ በዓለም ካሉት ሜኖናይት አብያተ ክርስቲያናት ከትልልቆቹ አንዷ ስትሆን፣ በሜኖ ሲሞንስ አገር የቀሩት ግን ጥቂት ሺህ አባላት ብቻ ናቸው። መሠረተ ክርስቶስ ያደገ ሰው ጊትሆርን ከሄደ ያችን ጸሎት ቤት ሳያይ ባይመለስ ጥሩ ነው።

ውሃ ስር የሰጠመ መንደር አለ የሚባለውስ?

አለ። ቡላከ ይባል ነበር፣ ከጊትሆርን ብዙም አይርቅም። የእሱም ሰዎች ኑሯቸው ቱርፍ ነበር። ቱርፉ ገንዘብ ሲያመጣ ጉድጓዶቹን እያሰፉ፣ በመሃል የሚተዉትን የመሬት ሰቅ እያሳነሱ ሄዱ። በመጨረሻ ማዕበል የሚያቆም ነገር አልቀረም።

በ1775 የመጣው የባሕር ማዕበል መንደሩን ጎዳው፤ በ1776 የመጣው ጨረሰው። ዛሬ ቦታው ቡላከርዊደ የሚባል ሰፊ ሐይቅ ነው፣ ሰዎች ጀልባ ይቀዝፉበታል። "ባሕር" ስል የምትደነግጡ ካላችሁ፣ ያኔ ዛውደርዜ የሚባለው የባሕር ወሽመጥ ቅርብ ነበር። በ1932 በ32 ኪሎ ሜትር ግድብ ተዘጋ፣ ከዚያ በ1942 ከጊትሆርን በስተ ምዕራብ ያለው የወሽመጡ ክፍል ደርቆ እርሻ ሆነ። ስለዚህ የባሕር ማዕበል ስጋቱ ዛሬ እንደዚያን ዘመን አይደለም።

ቡላከ በእግዜር ቁጣ ጠፋ የሚሉ ሰባኪዎች በዘመኑ ባይጠፉም፣ ያጠፋው ስግብግብነትና ንፋስ ነው። ማዕበሉ ለሁሉም እኩል መጣ፤ የባሰበት ብዙ የቆፈረው ላይ ነው።

እንዲህ ትንሽ መንደር እንዴት ዓለም አወቃት?

መነሻው ፊልም ነው። በ1958 ዳይሬክተሩ በርት ሃንስትራ "ፋንፋረ" የሚል ኮሜዲ እዚህ ቀረጸ። ታሪኩ የአንድ መንደር የሙዚቃ ባንድ ተጣልቶ ለሁለት ስለመከፈሉ ነው። ፊልሙ ውስጥ መንደሯ በሌላ ስም ነው የምትጠራው፣ ግን ሁሉም ሰው አወቃት። የአገሪቱ ሕዝብ 11 ሚሊዮን በነበረበት ዘመን ከ2 ሚሊዮን ተኩል በላይ ትኬት ተሸጠ። ከዚያ በኋላ በየእሁዱ የከተማ ሰው መጉረፍ ጀመረ።

ሁለተኛው ማዕበል የመጣው በኢንተርኔት ነው። ከኮሮና በፊት በነበሩት ዓመታት የቻይና ቱሪስት በብዛት ይመጣ ነበር፤ በቻይንኛ የተጻፈ ሜኑና ምልክት ማየት የተለመደ ሆኖ ነበር። ኮሮና ሲመጣ ያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ።

ነዋሪው በቱሪስት አልተማረረም?

ተማርሯል፤ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አይናገርም። ጀልባ የሚያከራየው፣ ምግብ ቤት ያለው፣ ክፍል የሚያከራየው ሰው እንጀራው ቱሪስት ነው። ጎረቤቱ ደግሞ ጠዋት መስኮቱን ሲከፍት ሳሎኑን ፎቶ የሚያነሳ ሰው ያገኛል። መንደሯን ሙዚየም አድርገው የሚያዩ፣ የሰው አትክልት ውስጥ የሚቀመጡ፣ ድሮን የሚያስነሱ አሉ።

የእኔን አስተያየት ከፈለጋችሁ፣ ችግሩ የጎብኚው ብዛት ብቻ አይደለም። ሁሉም በአንድ ቦይ፣ በተመሳሳይ ሰዓት መምጣቱ ነው። ከመንደሩ ጥግ ያለችው ድዋርስግራኽት የምትባል ትንሽ ሰፈር እንደዚያው ያምራል፤ ሰው ግን ግማሹም አይደርስባትም።

እዚያ መኖር ይቻላል? ቤት በነፃ ይሰጣሉ የሚባለውስ?

በነፃ የሚሰጥ ቤት የለም። እንዲህ የሚል ቪዲዮ ካያችሁ እለፉት፤ "ለመመዝገብ" ገንዘብ ከጠየቃችሁ ደግሞ ሌባ ነው። ኔዘርላንድ የቤት እጥረት ያለባት አገር ናት፣ ጊትሆርን ደግሞ ከሚፈለጉት መንደሮች አንዷ። የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው እንደማንኛውም ቦታ መግዛት ወይም መከራየት ይችላል፣ ካገኘ።

ካገኘም ወጪው አያልቅም። የግቢው ዳር በውሃ እንዳይሸረሸር በእንጨት ይታጠራል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ እንደገና ይታጠራል። ጣሪያው ሸምበቆ ነው። ድልድዩ የግላችሁ ነው። ለቤት ማደሻ የሚመጣው አሸዋና ጡብ በጀልባ ነው የሚገባው፤ ሠራተኛው ይሄን አስቦ ነው ዋጋ የሚነግራችሁ። ዛሬ በእነዚያ የገበሬ ቤቶች ውስጥ ገበሬ የማታዩት በዚህም ምክንያት ነው። ገበሬው መንገድና ሰፊ መሬት ወዳለበት ወጥቷል።

መንደሯን የመሠረቱት ከሜዲትራንያን የተሰደዱ ራሳቸውን የሚገርፉ መናኞች ናቸው?

ብዙ የጉዞ ጽሑፍ ላይ ይሄን ታነባላችሁ። በ1230 አካባቢ ከደቡብ የሸሹ፣ ለኃጢአታቸው ራሳቸውን በጅራፍ የሚገርፉ ምእመናን መጥተው ሰፈሩ ይባላል። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ችግሩ ዓመተ ምሕረቱ አይገጥምም። የገራፊዎቹ እንቅስቃሴ በጣልያን ፔሩጃ የተቀጣጠለው በ1260 ነው። ከመነሳታቸው 30 ዓመት ቀድመው ሊሰደዱ አይችሉም።

እንዲያውም በዚያ ዘመን ኔዘርላንድ ውስጥ ረግረግ ማቅናት የተለመደ ነገር ነበር። የአካባቢው ጌታ የዩትሬክት ጳጳስ ነው፤ ባዶ ረግረግ ግብር አያስገባም፣ ሰው የሰፈረበት ግን ያስገባል። ስለዚህ እኔን የሚያሳምነኝ መሬት ያጡ ተራ ገበሬዎች መጥተው ሰፈሩ የሚለው ነው። ጅራፍ ግን ለአስጎብኚ ይመቻል።

በዙሪያው ያለው ፓርክ የተፈጥሮ ነው ወይስ ሰው ሠራሽ?

ዌሪበን-ዊደን ብሔራዊ ፓርክ ይባላል፤ ስፋቱ 10,000 ሄክታር ያህል ነው፣ በሰሜን ምዕራብ አውሮፓ ትልቁ እንዲህ ያለ ቆላማ ረግረግ ነው። "የተፈጥሮ" ይባል እንጂ፣ ሐይቁም ቦዩም ሸምበቆውም የቱርፍ ቁፋሮ ውጤት ነው። ቁፋሮው ሲቆም ጉድጓዶቹ ላይ ሸምበቆ በቀለ፣ ወፍ መጣ፣ ሰው ደግሞ ሸምበቆውን ለጣሪያ መቁረጥ ያዘ።

አሁን አስቸጋሪው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። ተፈጥሮ ከሆነ ለምን አይተዉትም? ቢተዉት ውሃው በተክል ይሞላል፣ ቀስ በቀስም ጫካ ይሆናል። ውሃውን ጨርሶ ቢያፈሱት ደግሞ ጥቁሩ አፈር አየር አግኝቶ ይበሰብሳል፤ መሬቱ ይሰምጣል፣ ለዘመናት የያዘውን ካርቦንም ይለቃል። ስለዚህ በየዓመቱ በብርዱ ወራት ሸምበቆ ይቆረጣል፣ ቁጥቋጦ ይነቀላል፣ አንዳንድ ቦታም በድሮው ልክ አዲስ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ የአሁኑ ለተክሉና ለእንስሳው ተብሎ ነው። በ1988 ከአገሪቱ ጠፍቶ የነበረው ኦተር፣ ዓሣ የሚበላው የውሃ አውሬ፣ በ2002 ተመልሶ የተለቀቀው እዚህ ነው፤ ተራብቷልም። ቀይ ብርቱካናማ ክንፍ ያላት አንዲት የቢራቢሮ ዘርም የቀረችው እዚህና ጎረቤቱ ባለው ረግረግ ብቻ ነው። እንቁላሏን የምትጥልበት ተክል ሸምበቆው ካልተቆረጠ ይዋጣል። ለዚህም ነው ከቆራጮቹ ጋር ስለሚቆረጥበት ጊዜና ቦታ በየዓመቱ መነጋገር የሚያስፈልገው።